የፎቶ ኮታ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። በሬው እንደደከመበት አራሽ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ የሚቸኩል ሰው ይተወው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ከልጄ ጋር ነው። እርሷ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች። በግ፣ አውድማ፣ ሱፍ የሚፈትሉ ሴቶች፣ ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ሲወርድ፣ ብቻ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ። ከዚያ በኢንተርኔት ውጭ አገር ላለ የፎቶ ገበያ ትልከዋለች፤ የፈለገ ሰው እዚያ አይቶ ይገዛል። መጀመሪያ አላመንኩም። «የእኛን በግ ማን ጉዳዬ ይላል?» ብያታለሁ። በኋላ ግን ቤታችን በዚያ መተዳደር ጀመረ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ።

አንድ ቀን ስልኳ ላይ ያለውን ቁጥር እያሳየችኝ፣ «ኮታ አለው እኮ አባባ፤ በሳምንት ሠላሳ ፎቶ ነው» አለችኝ።

ኮታ የሚለውን ቃል ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ልጄ አልተወለደችም። መዘዞ በኩል አርስ በነበረበት ጊዜ ኮታ ማለት ለመንግሥት የምታስገባው እህል ነው። ውርጭ መታኝ ብትል የሚሰማህ የለም። አንድ ዓመት ገብሴን ውርጭ ጨረሰውና ኮታዬን ሳልሞላ ቀረሁ። ከገበሬ ማኅበሩ መጥተው ወሰዱኝና መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። እናቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በጎቻችንን ደብረ ሲና ወስዳ ሸጠች፤ በዚያ ገንዘብ ገብስ ገዝታ አስገባችና አስፈታችኝ። የመጋዘኑ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ልጄ ያንን ቃል ካነሣችው ወዲህ ሳምንት ባለቀ ቁጥር እጠይቃታለሁ። «ሞላሽ ወይ?» እላታለሁ። «ኧረ የት ይሞላል» ትለኛለች እየሳቀች። ምን ያደርጉሻል ብዬ አልጠየቅኋትም። መልሱን መስማት ፈራሁ።

መጋቢት ላይ አንኮበር ለቅሶ ነበረባትና ሄደች። የበልጉን ዝናብ ፈርታ የፎቶውን ስልክ ቤት ተወችው፤ የያዘችው ትንሿን መደወያ ስልክ ነው። ቅዳሜ ስልኩን ከፈትኩት። ስትሠራበት አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁ ለምጄዋለሁ። የፈረንጅ ፊደል ባላውቅም ቁጥሩን አውቃለሁ፤ ከሠላሳው የተላከው ዘጠኝ ብቻ ነው። ሳምንቱ ደግሞ እሑድ ያልቃል። ልጄ ከለቅሶ ስትመለስ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው ታየኝ።

ከበጎቻችን አንዷ ነጭ ናት። አጥር ሥር አቆምኳትና ማንሣት ጀመርኩ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስታመሰኳ። ጎረቤታችን ገብሷን ፀሐይ ላይ እያሰጣች ታየኛለች።

«ጋሼ፣ ለበጊቱ መታወቂያ ሊያወጡላት ነው እንዴ?»

«ገብስሽን አስጪ» አልኳት።

«ጆሮዋ እንዲታይ አድርገው ያንሷት እንጂ። ቀበሌ ይመልስብዎታል።»

አልሳቅሁም። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን ስልኩ ራሱ ይሞላዋል፤ የእኔ ሥራ መላኪያዋን መጫን ነው። ሠላሳው ሲሞላ ግንባሬን ጠረግሁ። ሳይመሽ ግን ቀይ ጽሑፍ መጣ። ቀይ ነገር ደግ ሆኖ አያውቅም። ስልኩን አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ትንሽ ቆይቼ አወጣሁና ከፈትኩት። ቀዩ እዚያው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ ስልኩን ሰጠኋት። አነበበችና ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«ኮታሽን ሞላሁልሽ።»

«ማን ሙሉ አለዎት?»

«ካልሞላሽማ ይወስዱሻል።»

የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። «የድሮው ኮታ ከዚህ እንዳታንስ ነበር፣ አባባ። ይሄኛው ከዚህ እንዳታልፍ ነው። አንድ ብቻ ብልክ ማንም ምንም አይለኝም።»

«አታምጡ የሚል መንግሥት አላየሁም።»

«መንግሥት አይደለም፣ ገበያ ነው።»

«ገበያ ከሆነ የባሰ ነው» አልኩ። ተረትቼ ዝም ማለት አልወድም።

ከዚያ ቀዩን ጽሑፍ ተረጎመችልኝ። አንዷን በግ እየደጋገምሽ ላክሽ፤ ሁሉንም ጥለነዋል፤ ከእንግዲህ በሳምንት ከአምስት በላይ አትልኪም፤ ቀጥሎ የምትልኪውን እናያለን፤ ካልጣመን በገበያው ያለሽን ቦታ እንዘጋብሻለን። ከዘጉት ደግሞ በስሟ ሌላ አይከፈትላትም፤ እስከ ዛሬ እዚያ ያስቀመጠችው ፎቶ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ።

«ሄደን እንለምናቸዋ» አልኳት።

«የት ነው የምንሄደው?»

እኔ የፈራሁት መጥቶ የሚወስዳትን ሰው ነበር። ለካ የሚመጣም የለ፣ ሄደው ደጁን የሚጠኑትም የለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ክፉ ቢሆንም ቤቱን አውቀው ነበር። እኔ መጋዘን ሳለሁ እናቷ እግሩ ላይ ወድቃለች። የዚህኛው እግር የት እንዳለ ልጄም አታውቅም፤ ይሄ ከመጋዘኑ የባሰ አስፈራኝ። ማታ እራት ቀርቦ ሁለታችንም አልበላንም።

በማግሥቱ ጠዋት ስነሣ፣ አንድ ፎቶ መርጣ፣ ጣቷን ከመላኪያው በላይ ይዛ ተቀምጣለች። የአንዲት ሴት እጅ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

«እፈራለሁ፣ አባባ።»

«እኔም» አልኳት።

እጄ ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁት። መለስኩት። ሁለቱንም እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። የበጎቹን በር በእግሬ ገፍቼ ከፈትኩና ወደ መስኩ ነዳኋቸው። አጥሩን ሳልፍ ከኋላዬ ከደጃፉ «ሄደ፣ አባባ» ስትል ሰማሁ። ፊቴን እንድታየው ስላልፈለግሁ አልዞርኩም። በጎቹን ነዳሁ።