ገብስማዋ የምትጥልበት ግቢ

በራችን ላይ «የሐበሻ እንቁላል አለ» የሚለውን ካርቶን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እማዬ ለመጣው ሰው ሁሉ «የልጄ ጽሑፍ ነው» እያለች ታሳያለች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የማልጽፈው ነገር የለም። ይህንንም ደስ ብሎኝ ጀምሬው ነበር፤ መሃል ላይ ስደርስ ግን ደስታዬ ቀነሰ።

ስድስት ዶሮዎች አሉን። አምስቱ ጓሮ ካለው ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ፤ ገዢዎቻችንም አስኳሉ ወርቅ ይመስላል እያሉ ሳይከራከሩ ይወስዳሉ። ስድስተኛዋ ገብስማዋ ግን ኩሩ ናት። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ጎረቤታችን ያሉት እማማ ግቢ ትገባለች። እሳቸው ማድቤት በር ላይ ካለ አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ጥላ፣ ሰፈሩን በጩኸት አናውጣ ትመለሳለች።

እማማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ሩቅ፣ አቦምሳ ከተማ አግብታ ነው የምትኖረው። ገብስማዋ ጮኻ ብዙም ሳይቆይ እንቁላሉን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው በራችን ላይ ይቆማሉ።

«አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ! አራሷ በሰላም ተገላግላለች።»

«ወንድ ነው ሴት?» ትላለች እማዬ።

«እሱን የሚበላው ይወቀው!»

አንድ ቀን እማዬ «ይሄ እንኳ ለእርስዎ ይሁን፣ የኪራይ» ብትላቸው፣ «አራስ ኪራይ ትጠየቃለች እንዴ?» ብለው ተቆጧት። ሁልጊዜም እንቁላሉን ሰጥተው በርጩማው ላይ አረፍ ይላሉ። ስለ ልጃቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ አቧራውን ቤት ውስጥ ስለሚያስገባው የናዝሬት ነፋስ ያወራሉ። እማዬ የገዢ እንቁላል እየወለወለች ታዳምጣለች። በጾም ገበያው ሲቀዘቅዝ እንኳ የእማማ እግር አይቀርም ነበር።

አንድ ጠዋት ድመት ቀደመቻቸው። ቅርጫቱ ውስጥ ቅርፊት ብቻ አገኙ። ባዶ እጃቸውን መጥተው፣ ራሳቸው የሰበሩት ይመስል ይቅርታ ሲጠይቁ አሳዘኑኝ። እኔ ደግሞ መፍትሔ የማላጣ ልጅ! ትምህርት በሌለበት ቀን ጀሪካን ቆርጬ ጭድ ጎዘጎዝኩበት፤ የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈንኩት። ገብስማዋ አጥሩን እየዞረች ስትንጫጫ አረፈደች። በመጨረሻ ተሸነፈችና ጀሪካኑ ውስጥ ጣለች።

እየሮጥኩ ሄጄ አበሰርኳቸው።

«እማማ፣ ከእንግዲህ አይቸገሩም! እኛው ግቢ ጥላለች!»

ቅርጫቱ ውስጥ አዲስ ጭድ ተነጥፏል፤ አጠገቡ በቆሎ ያለበት ሳህን ተቀምጧል።

«ጎበዝ ኢንተለ ኮ፣ ጎበዝ ልጄ» አሉ። ወደ ቅርጫቱ እያዩ ደግሞ፣ «እኔ መቼ ተቸገርኩ?»

ሰምቻለሁ። ግን ይሉኝታ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ አልመጡም። ከዚያም በኋላ። እማዬ «ሴትዮዋ ታመው ይሆን እንዴ?» ብላ ላከችኝ። ደህና ናቸው፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ምነው ጠፉብን እማማ?»

«ምን ይዤ ልምጣ?» አሉ እየሳቁ።

እኔን ግን አላሳቀኝም። ቆርቆሮውን የዚያኑ ቀን ነቀልኩት። ገብስማዋ አንገቷን አስግጋ ቀዳዳውን አየችውና ወደ ጀሪካኗ ተመለሰች። ተሸክሜ ቅርጫቱ ድረስ ብወስዳት በቆሎውን ለቅማ መጣች። ያስለመድኳት እኔው ነኝ፣ ምን ልበላት?

በኋላ ሌላ ብልሃት መጣልኝ። የጣለችውን አንስቼ፣ እማማ ዞር ሲሉ ጠብቄ ቅርጫታቸው ውስጥ አኖርኩት።

ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ። የሻሻቸውን ጫፍ ሲፈቱ በርጩማውን በቀሚሴ ጠረግኩላቸው።

«አራሷ ተገላገለች?» አለች እማዬ፣ ፊቷ በርቶ።

«ተገላገለች» አሉ። ከዚያ እኔን እያዩ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ ግን ሳትጮህ።»

እንቁላሉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ጉንጬንም ዳበስ አደረጉኝ። እኔ እንዳኖርኩት አውቀዋል።

«ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» ብለው ሳይቀመጡ ሄዱ።

ያንን እንቁላል ከሚሸጡት ጋር መደርደር አቃተኝ።