ሴት በእሳቱ ሰ

ሞኝነቴን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ በገዛ ቀለሜ፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ፣ በገዛ እጄ በጻፍሁት አንድ መስመር ምክንያት ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ምሳም ራትም ፉል የበላሁ ሰው ነኝ። ፉል አልጠላም። ግን ሰው ባቄላን ምን ያህል ጠልቆ ሊያውቀው እንደሚችል የሚገባው ሚስቱ ጥላው የሄደችበት ሰው ብቻ ነው።

ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ፣ የመኪናና የባጃጅ ጥቅስ እጽፋለሁ። ክፍሏ ከፊት ናት፣ ቤታችን ከኋላ። እጄ ቆንጆ ነው፤ ይህን ጠላቶቼም አይክዱትም። የትኛው ሰ የት እንደሚገባ ግን አላውቅም። ንጉሡ ሠ ደስ ይለኛል፤ ሰፊ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ ሲቀመጥ ዘውድ ይመስላል። እሳቱ ሰ ደግሞ ሁለት እግሩን ከፍቶ የቆመ ቀጫጫ ነገር ነው። ስለዚህ ለእኔ ቢተው አገሩን በሙሉ ዘውድ በዘውድ አደርገው ነበር።

ያላደረግሁት በባለቤቴ ምክንያት ነው። የሽንፋ ልጅ ናት፤ ከመጋባታችን በፊት ጥቂት ዓመት አስተምራለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ሻዬን ይዛ ትመጣና ጽሑፉን ታየዋለች። «ይሄ በንጉሡ አይደለም፤ በእሳቱ ነው» ትላለች። አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ። ሰው «እጁ ወርቅ ነው» ይላል። ስለ ዓይኗ የሚያነሣ የለም፤ እኔም አላነሣሁም።

ጠባችን የተነሣው በዘንዶ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን እናቱ ሞተውበት ድንኳን ተቀምጠን ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ እንደምታውቁት፣ ለቅሶ ወደ ጨዋታ ያዘነብላል። ጨዋታ ከመጣ ደግሞ እኔን ማን ይቀድመኛል? ድሮ ኮኪት፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ፣ በትራክተር ስንሄድ መንገድ ዘግቶ የተኛ ዘንዶ በአካፋ የገደልሁበትን ታሪክ አነሣሁ። ይህ ዘንዶ ከሞተ በኋላም ዓመት በዓመት ያድጋል፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ክንድ ደርሷል። ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። አካፋውን አንሥቼ ልሰነዝር ስል ባለቤቴ ንፍሮ ይዛ በመሐላችን አለፈች። ቆም እንኳ አላለችም።

«ገመድ ነበር» አለች።

«ምን?» አለ ድንኳኑ ሁሉ።

«የትራክተር መጎተቻ ገመድ። ተጎታቹ ላይ ተቀምጨ አይቻለሁ። ሁለት ቦታ ሲቆርጥበት ባለ ትራክተሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።»

ለቀስተኛው ሳቀ። እናቱ የሞቱበት ሳቀ። ሟቿም የሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ገመድ ገዳዩ» ሆነ። በልብስ ማስጫ አጠገብ ሳልፍ «ኧረ ያዙት፣ እንዳይገድለው!» ይላሉ። አንዱ ባጃጅ ነጂማ ባየኝ ቁጥር ጡሩምባውን እየነፋ፣ «ገመድ ገዳዩ፣ ላድርስህ? መንገዱ ላይ ሽቦ አለ አሉ!» ይለኛል።

ቂም ያዝሁ። እኔ ሰው ላይ ስቀልድ የኖርሁ ነኝ፤ ሲቀለድብኝ ግን ቆዳዬ እንደ ሕፃን ቆዳ ስስ ነው። ሌሊት ተኝታ ሳያት እንኳ «ቆይ ብቻ!» እላለሁ። በቀሌን አውጥቼ አውርጄ በመጨረሻ አባቶች ለእኔ ብለው ያስቀመጡት ተረት ትዝ አለኝ፦ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ። ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ጠብቄ፣ በግቢያችን በር ላይ፣ በቀይ ዘይት ቀለም፣ ጥላውን ቢጫ አድርጌ፣ ክንድ በሚያህል ፊደል ጻፍሁት። ጨርሼ እጄን አጣምሬ ቆምሁ።

መጣች። ዘንቢሏን አስቀምጣ አየችው።

«አነበብሽው?»

«አነበብሁት። አንተስ?»

«ጽፌው የለ እንዴ?»

«እኮ፣ አንብበኸዋል ወይ ነው ያልሁህ።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ልጅ እንደምታስቆጥር ሁሉ አነበበችው፦ «ሤት ብታልቅ በወንድ ያውቅ።»

ዞር ብዬ አየሁት። በበቀል ጥድፊያ ው እና ልን አቀያይሬያቸዋለሁ። ማወቁ ወደ ወንድ ሄዷል፣ ማለቁ ወደ ሴት። ሴት ራሷ ደግሞ የንጉሡን ዘውድ ደፍታ ቁጭ ብላለች።

«አንደኛ ነገር፣ ሴት የምትጻፈው በእሳቱ ነው» አለች። ሁለተኛውን ነገር አልነገረችኝም። ገብታ ቦርሳ ይዛ ወጣች። በሩን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበርና ጣቷ ቀላ።

«‹ሴት ብታልቅ› ብለሃል። ይኸው፣ አለቅሁልህ።»

በሽንፋው ሚኒባስ ተሳፍራ እናቷ ቤት ገባች።

ከዚህ በኋላ ልብ ያለው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ዛትሁ። «በእግሯ እንደሄደች በእግሯ ትመለሳለች!» አልሁ፣ በሚኒባስ መሄዷን ረስቼ። በሩንም አላረምሁትም። ማረም መሸነፍ መሰለኝ። ያነበበ ሁሉ «ምን ማለት ነው?» ሲለኝ «ቅኔ ነው፤ ወርቁን አንተ ፈልግ» እለዋለሁ።

በቀሌንም አሰፋሁት። ሴትን ልክ ያስገባል የተባለ ተረት ከየአገሩ ለቅሜ፣ ወደ ሽንፋ የሚሄድ መኪና ሁሉ ጀርባ ላይ ልጽፍ ወሰንሁ። እናቷ ደጅ ቁጭ ባለች ቁጥር አንድ መኪና እየመጣ ይስደባት! ከፊት ለፊቴ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ሐጂ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ገላባትና ገዳሪፍ ሲነግዱ የኖሩ፣ የሱዳኖችን ተረት በዓረብኛው የሚያውቁ። እሳቸው ዘንድ ሄድሁ።

«ሐጂ፣ ሴትን አፏን የሚያስይዝ የዓረብኛ ተረት የለዎትም?»

«ሞልቶ! ‹አልመራ ካን ፋስ፣ ማ ተክሰር አልራስ› ይላሉ ሱዳኖች። ሴት መጥረቢያ ብትሆን እንኳ ራስ አትሰብርም ነው።»

ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

«ቆይ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው» አሉኝ። «ይህን ሲተርት የሰማሁት ወንድ ሁሉ ሚስቱ በሌለችበት ነው የሚተርተው። ዞር ዞር እያለ። ደግሞ መጥረቢያ ራስ ባይሰብር ምን ይጎድለዋል? እንጨቱ ሳይፈለጥ ሲቀር ነው የሚታወቅህ። ምሳ ምን በላህ?»

«ፉል።»

«ትናንትስ?»

ሰሊጡ ዘንድሮ እንዴት ነው ብዬ ወሬውን ቀየርሁ።

የሚገርመው፣ እኔ ደንበኛ ፍለጋ ሳልወጣ ደንበኛው ራሱ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ያ ተሳዳቢ ባጃጅ ነጂ መጣ።

«ከኋላዋ ጥቅስ ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ሴት የላከው ጅብ አይፈራም።»

ደሜ ፈላ፤ ግን ሥራ ሥራ ነው። ብሩሼን ነክሬ ዘውዱን ልጀምር ስል ከላይ ሆኖ፣ «ኧረ ኧረ! በእሳቱ ሰ ነው እንጂ! በንጉሡ እንዳታደርግብኝ» አለ። ይህ ልጅ ከሦስተኛ ክፍል የወጣ ነው፤ ታፔላ የሚያነበው በቀለሙ ነው። ትምህርት ተስፋፋ ማለት ይህ ነው ብዬ ጻፍሁለት።

ቀጥለው ሐጂ መጡ። ከሱቃቸው በር በላይ «ጀነት ከእናት እግር ሥር ናት» ተብሎ እንዲጻፍ ፈለጉ። ካለፈው ተምሬ በእሳቱ ጀመርሁ። «ተው፣ ተው» አሉ። «ሴት በእሳቱ ናት፤ ሥር ግን በንጉሡ ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎ የአማርኛ ፊደል መቼ ለመዱ?»

«ዕድሜ ያስተምራል» አሉና ደመና የሌለበትን ሰማይ ማየት ጀመሩ።

ሦስተኛው የሽንፋው ሚኒባስ ሹፌር ነበር። «ፈረንጆች የሚሏትን ጻፍልኝ፤ ከትልቅ ሰው ጀርባ ሴት አለች የምትለዋን። ከጀርባ ነው ያለችውና ከጀርባ አድርጋት» አለ። እንዳይሳሳት ከደረት ኪሱ አንድ ባለ መስመር ወረቀት አወጣ። ጽሕፈቱን ከገዛ ሆዴ በላይ አውቀዋለሁ። ከዳር፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ሴት፦ በእሳቱ» ይላል።

«ማነው የላከህ?»

«እኔ እንኳን ሹፌር…»

«ማነው የላከህ?!»

ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንተው ባጃጁ ላይ ጽፈኸው የለ እንዴ ጋሼ? የላከኝማ ሴት ናት፤ ጅብም አልፈራ፣ አንተንም አልፈራ።»

ለካ ሁሉም የተላኩ ናቸው። ሐጂም። እኔ ለበቀል ብዬ የገዛሁትን ቀለም እሷ ሽንፋ ቁጭ ብላ ለራሷ በቀል ጨርሳብኛለች፤ ያውም በእኔ እጅ። ባጃጁ ከተማውን ሲዞር፣ ሱቁ ሲከፈት፣ ሁሉም ስለ እኔ ያወራል፤ ሲያወራም ፊደል አይሳሳት!

ያን ቀን ፉሉ አልወርድልህ አለኝ። እውነቱን ለመናገር የሆዴ ነገር አልነበረም። ጧት የአንድ ልብስ ሰፊ ታፔላ ጽፌ ነበር፤ «ልብሥ ሥፌት»፣ ሁለት ዘውድ። ሰውየው አመስግኖኝ ተሸክሞት ሄደ። ቀለሙ ደርቆ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለ እሷ ዓይን የደረቀ ጽሑፍ አልነበረኝም። ባትመለስስ? አልሁ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሽማግሌ መላክ አሁን ነበር። እኔ ግን ጅል ብሆንም ሚስቴን አውቃለሁ። ይህች ሴት ስድብ ትችላለች፣ ረኃብ ትችላለች፣ የቆላን ፀሐይ ትችላለች። የተሳሳተ ፊደል ግን አትችልም። የሠርጋችንን የጥሪ ወረቀት አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ያረመች ሰው ናት።

ሚኒባሱን አዙሬ፣ መስተዋቱን ሞልቼ ጻፍሁ፦ «ከትልቅ ሠው ጀርባ ሤት አለች»።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ። እናቷ ደጅ ስትደርስ ደግሞ ቀስ በል።»

በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ሹፌሩ ሲመለስ፣ «በር ላይ ቆማ አየችው። ዓይኗን ጨፈነች» አለኝ። በሦስተኛው ቀን፣ «ዛሬ ድንጋይ አነሣች፤ መልሳ ጣለችው» አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጨከንሁ። ከታርጋው በላይ «በሠላም ግቡ» ጨመርሁበት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲገባ መጀመሪያ የወረደችው እሷ ናት። በአንድ እጇ ጨርቅ፣ በአንድ እጇ የላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ይዛለች። ሰላም አላለችኝም።

«ለእርቅ አልመጣሁም፤ ለእርማት ነው።»

ተሳፋሪው፣ ሰሊጥ አጫጁ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ከበበን። ሦስቱን ዘውድ አንድ በአንድ ፈተገቻቸው። ስትጨርስ እጇን ዘረጋች፤ ብሩሹን ሰጠኋት፤ መልሳ ሰጠችኝ።

«ጻፍ።»

በእሳቱ ጻፍሁ። ሦስቴ። አንድ የጎጃም ሠራተኛ ከኋላ፣ «ይቺስ ንጉሥ ታወርዳለች!» ሲል ሰማሁ።

ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ቆመች። «ይህንንስ ላጥፋው?» አልኋት፣ ቤንዚኑን እየተቀበልሁ። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከዚያ ብሩሹን ራሷ ወሰደች። የሤን ዘውድ አውርዳ ሴ አደረገቻት። ከወንድ ፊት ያለችውን «በ»ን በበሩ ቀለም ደፈነቻት። ሌላውን አልነካችውም። በሩ እስከ ዛሬ «ሴት ብታልቅ ወንድ ያውቅ» ይላል። ሰው የጥንት ተረት መስሎት እየተቀበለው ነው። ባጃጅ ነጂው በሌላው ጎኑ አስጽፎታል። ሐጂ እንኳ፣ «ሱዳኖችም ይህን የሚመስል አላቸው» ይላሉ፤ ምን እንደሚል ቆይተው ያስታውሱታል።

ኅዳር መግቢያ ላይ የጎረቤታችን እናት አርባ ደረሰ። ያው ድንኳን፣ ያው ሰው። ከተበላ በኋላ አንዱ፣ «ገመድ ገዳዩ፣ እስቲ ዘንዶዋን!» አለ። ባለቤቴን አየኋት። ትሪዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ንገራቸው እንጂ» አለች።

ነገርኋቸው። ዘንዶው አሥራ አንድ ክንድ ሆነ። አካፋውን ሳነሣ ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ እሷን አየ። ንፍሮዋን ትበላለች። ገደልሁት፤ ያለ አንድ ሳቅ፣ በክብር።

ወደ ቤት ስንመለስ ደረቴን ነፍቼ፣ «ይኸው፣ ተበቀልሁሽ» አልኋት።

«ዘንዶውን አንተ ግደል» አለችኝ። «ገመዱ ግን እኔ እጅ ነው ያለው።»