አባቴና የጭዱ ክምር

ዛሬ የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ «ልጅዎም ይነዳል?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳቄ አመለጠኝ።

በደርግ ጊዜ አባቴ አሮጌዋን ላንድሮቨራችንን ኢንሹራንስ ሊያስገባ፣ እኔ እየነዳሁ ከደብረ ታቦር ጎንደር ሄድን። ሠራተኛው ማን እንደሚነዳት ሲጠይቀው ደረቱን ነፍቶ «ልጄ ነዋ! ገና ሃያ ዓመቱ!» አለ።

ሠራተኛው ወዲያው ክፍያውን ጨመረ።

«ምነው ልጄ፣ የሱ ዓይን እኮ ከኔ ይሻላል!» አለው አባቴ።

«አባባ፣ እኛ የምንፈራው ዓይኑን ሳይሆን ነዳጅ የሚረግጠውን እግሩን ነው።»

አባቴ ተናዶ ቁልፉን ቀማኝ። ስንመለስ ራሱ እየነዳ፣ ይፋግ ላይ ከመንገድ ወጥቶ የሰው ጭድ ክምር ውስጥ ገባ!

ከፀጉሩ ላይ ጭድ እያራገፈ «በል ንዳ» አለኝ። «እናትህ ከጠየቀች ግን፣ የነዳኸው አንተ ነህ።»

እማዬ እስከ ዛሬ እኔን ነው የምትወቅሰው። ፌስቡክ ስለሌላት ነው የጻፍኩት፤ አደራ!

የአባታችሁን ጥፋት ተሸክማችሁ የኖራችሁ፣ እስኪ እናንተም ተናዘዙ።