«የቱ ይበልጣል?» ብዬ የጠየቅኳት ልጅ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም ቢሆን። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ እዚህች ጋ ስደርስ አልፋታለሁ፤ አላህ የማያውቀው ይመስል! ዛሬ አፌ የተፈታው እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል። መምህርት ነኝ። አንዲትን ብልህ ልጅ ዘገምተኛ ናት ብያለሁ። አለመሆኗን እያወቅኩ ብያለሁ።

ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ነው። ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ካለ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። ያኔ ልጅ ሲመዘገብ የልደት ወረቀት የሚያመጣ የለም። ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይባላል። እኔ በዚህ እስቅ ነበር። ምን ላድርግ፣ ተምሬያለኋ! የልጅ አእምሮ በደረጃ እንደሚያድግ ተምሬያለሁ። ትንሽ ልጅ የሚያምነው ዓይኑን ነው፤ ውሃ ከድብልብል ብርጭቆ ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ስትገለብጡለት የበዛ ይመስለዋል። ወደ ሰባት ዓመት ሲጠጋ ግን ውሃው ያው መሆኑ ይገባዋል። እናላችሁ፣ ሦስት ብርጭቆ ከቤት ይዤ መጣሁ። ነባሮቹን መምህራን ላሳያቸው ነው።

ዘይነብ ከገራዶ በኩል ከአባቷ ጋር መጣች። አባቷ ስምንት ሞልቷታል አሉ፤ እጇም ጆሮዋን አልፎ ነበር። «ቆይ፣ እኔ ልፈትናት» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ቆመዋል፣ መምህራኑ ከበውኛል። ሁለቱን ድብልብል ብርጭቆዎች እኩል ሞላሁ፤ አንዱን ወደ ረጅሙ ገለበጥኩና «የቱ ይበልጣል?» አልኳት። ረጅሙን ጠቆመች። «አያችሁ!» አልኩ ወደ መምህራኑ ዞሬ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ልጅቱ ቀሚሴን ሳብ አደረገች። «ቲቸር፣ የሚበልጠውማ ብርጭቆው ነው። ውሃው ያው ነው፤ ራስዎ አይደሉ የገለበጡት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ገባኝ። ወላሂ፣ ያኔውኑ ገባኝ። በእኛ አፍ የረዘመም ይበልጣል፣ የበዛም ይበልጣል። ሁለት ትርጉም ባለው ቃል የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ እሷ የጠየቅኳትን መለሰች። ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሰማት የለም። «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ብል ምን ነበረበት? ምላሴ ይቆረጥ ነበር? «ዝም በይ!» አልኳት። አባቷን «የልጅዎ አእምሮ ዘገምተኛ ነው፤ ከሕፃናቱ ጋር ትቀመጥ» አልኳቸው። መዝገቡም ላይ ጻፍኩት። «ይሁን፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሁለት ዓመት ከሕፃናት ጋር አስቀመጥኳት። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። ጉልበቷ ከዴስኩ ጋር እየተጋጨ። መጀመሪያ መጀመሪያ እጇን ታወጣ ነበር፤ በኋላ ተወችው። ጭራሽ ስትጠየቅ ከመመለሷ በፊት የሌሎቹን አፍ ማየት ጀመረች፤ ምን እንደሚሉ ልትሰማ። በየቀኑ አያታለሁ። መሰረዝ አቅቶኝ ነው? እስክሪብቶው በእጄ! ግን ፈተናዬ ተወርቶለት፣ ለሌሎች መምህራን እንዳስረዳ እየተጋበዝኩ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልመለስ? በሦስተኛው ዓመት አባቷ አስቀሯት። ስትቀር ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? እፎይ አልኩ። እኔ ጉደኛዋ፣ እፎይ አልኩ!

የደሴ ብርድ አላስቀምጥ ብሎኝ አሁን ኮምቦልቻ ወርጄ ነው የማስተምረው። ዘንድሮ ምዝገባ ላይ አንዲት እናት ሴት ልጇን ይዛ ፊቴ ቆመች። «ቲቸር፣ ዘይነብ ነኝ፤ ያቺ ዘገምተኛዋ» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፣ የአባቷን ስም እንደምትነግረኝ ሁሉ። ቅጹን ብሰጣት መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እኔ ጭንቅላቴ አይሠራም፣ ያውቁ የለ? እርስዎ ይሙሉልኝ። ይልቅ ይቺም በእኔ ወጥታ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ከሆነች በጊዜ ይንገሩኝና ከቤት ላስቀራት።»

አፌን ከፈትኩ። አንቺ ልክ ነበርሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ስንት ቃል ነው? ከኋላዋ ወላጆች ተሰልፈዋል፤ ከጎኔ «እሜቴ» እያሉ የሚያከብሩኝ ወጣት መምህራን ተቀምጠዋል። ዛሬም አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ዛሬም! «አብሽሪ፣ ልጅሽ ደህና ናት» አልኳት። ልጅቱን መዘገብኳት። ስለ እናቲቱ ግን አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

እጄን ይዛ ሳመችው። «እርስዎ ቀድመው ባያውቁልኝ አባቴ አጥኚ እያለ በዱላ ይገድለኝ ነበር። አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎት፣ ዕድሜዎን ያርዝመው» አለችኝ።

«አሚን» አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ «ባለውለታዬ ነዎት» ብላ ትመርቀኛለች።