ሰላምታ የበላው ድምፅ

በኮሮናው ሰሞን ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ውስጥ ዳቦና ዘይት የምሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። አጠገቤ ያለውን ሱቅ የያዙት ሽማግሌ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስኳርና ደም ግፊት ተጋግዘው ይዘዋቸዋል። ባለቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር ሀገር ቤት ናቸው። «ብሞት አደራ፣ ከአባቴ ጎን ቅበሩኝ» ሳይሉኝ ውለው አያድሩም ነበር።

እድራችን ሰው ሲሞትበት አስከሬኑን ሀገር ቤት ይልክ ነበር። ኮሮና ሲመጣ አውሮፕላን ጠፋ፣ ወጪው ሰማይ ነካ። ከተማ መሃል፣ ጀፕስታውን ያለው ኮሚቴ «ከእንግዲህ እዚሁ እንቅበር ወይስ እንላክ፣ አባላት እጅ አውጥተው ይወስኑ» አለ። የጀፕስታውን ጅምላ ነጋዴዎች ሚስትና ልጆቻቸው እዚሁ ናቸው፤ «እዚሁ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። መላኩን የሚፈልገው ሎኬሽን በሚሉት ዳር ያለ የድሆች ሰፈር ያለነው፣ ቤተሰባችንን ትተን የመጣነው ባለሱቆች ነን። እኛ ደግሞ ሱቅ ዘግተን ልንመርጥ ከሄድን ስንመለስ በሩ ተሰብሮ ይጠብቀናል። ኮሚቴው ይህን አሳምሮ ያውቃል! እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ የእድሩ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ጮህኩ። ሌሎቹም ጮሁ። በመጨረሻ መምጣት ያልቻለ በቮይስ፣ ድምፁን ስልክ ላይ ቀድቶ በመላክ ይምረጥ ተባለ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ያለውን ግን አናዳምጥም አሉ።

የጋሼን ስልክ ይዤ ቀዳሁላቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «እንደምን ናችሁ? ሰብሳቢያችን እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆችስ? ሥራ እንዴት ይዟችኋል? በዚህ ክፉ ዘመን እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ፣ የታመመውን ይማርልን…» እኔ በእጄ ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ እላለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመርቃሉ። «እንላክ» የምትለዋ ቃል ስትመጣ ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል።

«ጋሼ፣ ይድገሙት፤ ሰላምታውን ይተዉት» አልኳቸው።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሰው ሰላም ሳይል ስለ ሞት ያወራል?» ብለው ተቆጡና ላኩት።

በማግስቱ የኮሚቴው ጸሐፊ መለሰላቸው። «ሰላምታዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፤ ምርጫዎ ግን አልተያዘም።» የሌሎቹም ሎኬሽን ያሉ ሽማግሌዎች ቮይስ እንዲሁ በሰላምታ አልቆ ቀርቷል። ደሜ ፈላ። ደወልኩለት። «እህቴ፣ ሕግ ሕግ ነው። የፈለገ እሁድ አዳራሽ መጥቶ በአካል ይምረጥ» አለኝ። እሺ፣ በአካል ይሁን ብዬ ዘጋሁበት።

እሁድ ሱቆቻችንን ለአከራያችን አደራ ሰጥተን ዕቃ በማመላልስባት አሮጌ መኪና ወጣን። ጋሼ ለምርጫ ነው ብለው ወፍራም ካፖርታቸውን ደርበዋል። ፀሐዩ ይፋጃል፣ የመኪናዬ መስኮት አይወርድም። ያውልቁት ብላቸው ማን ሊሰማኝ! አዳራሹ በር ላይ የቆመው ልጅ የትኩሳት መለኪያውን ግንባራቸው ላይ ደቅኖ ራሱን ነቀነቀ።

«ትኩሳት አለባቸው፣ አይገቡም።»

«ካፖርቱ ነው እኮ! ጥላ ሥር ትንሽ ይረፉና እንደገና ለካቸው!»

«አንዴ የተመለሰ አይለካም ተብያለሁ። አንቺ ግቢ፣ ቆጠራ ሊጀመር ነው።»

ጋሼ ክርኔን ገፋ አድርገው «ግቢ ልጄ፣ ያንቺም እንዳይቀር» አሉኝ። ገባሁ። እንላክ የምትሉ እጃችሁን አውጡ ሲባል አወጣሁ፤ በመስኮት ዞር ብል ጋሼም አጥሩ ሥር ቆመው እጃቸውን አውጥተዋል። «ውጪ አንድ ሰው አለ፣ ቁጠሩት!» ብዬ ጮህኩ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ከበር ውጪ ያለ አይቆጠርም» አለ። በጥቂት እጅ ተሸነፍን። እነዚያ ቮይሶች ቢያዙ ኖሮ እናሸንፍ ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ስንመለስ ስሳደብ፣ መሪውን ስደበድብ ነበር። ጎረቤት ከተማ ቤኖኒን አልፈን ዳቬይተን ልንገባ ስንል ጋሼ «ልጄ፣ እኛ ሰፈር ሰው የሚቀበረው የት ነው?» አሉኝ።

«አሁን እሱ ምን ያደርግልዎታል?»

«እስቲ አንዴ ልየው።»

ወሰድኳቸው። አፈሩ ገና ያልደረቀ ብዙ መቃብር ነበር። በመሃሉ ቀስ ብለው እየዞሩ በየመስቀሉ ላይ የተጻፈውን ስም ሁሉ አነበቡ። የሀገራቸው ሰው ስም ፈልገው አጡ። ከዚያ ዳር ያለች አንዲት ዛፍ ሥር ሄደው ቆሙ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆላለፉ፣ ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ፎቶ አንሺኝና ለባለቤቴ ላኪላት» አሉ። «ቦታውን ትወቀው።»