ኡኡታዬን እልልታ ያደረገው መንገድ

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ዓመተ ምሕረቱን አልያዝኩትም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ቁጥር ላይ ሳንደርስ ክረምት ገባብን። የደርግ ጊዜ መሆኑን፣ ወሩም መስከረም መሆኑን ግን አልረሳም፤ አደይ አበባው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ነበር። እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት ገብቼ እልልታው ሲቀልጥ ሳቄ ያመልጠኛል። የማያውቀኝ ሰው በሙሽራዋ የሳቅሁ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው።

የምንኖረው ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣው ፒስታ መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ነው። ጥዱንና ባሕር ዛፉን እየዞረ የሚጠብቅበት አንድ ብስክሌት ነበረው። ፍሬኑ ከተበጠሰ ቆይቷል። ታደሰ መቆም ሲፈልግ ጫማውን የፊት ጎማው ላይ ያሳርፋል፤ ጫማው ይጮኻል፣ ብስክሌቱ ይቆማል።

እኔ አዲስ ዓለም ያደግሁ፣ ከልጅነቴ ፈረስ የለመድኩ ነኝ። ታደሰ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል ብስክሌቱን በቀስታ እየገፋሁ ወደ ጫካው እገባለሁ። ችግኝ ለሚያመላልሱ ሠራተኞች የተጠረገች ጠጠር መንገድ ነበረች፤ በጥዶቹ መሃል እየተጠማዘዘች ምንጩ ድረስ ትወርዳለች። ስንት ቀን ወደቅሁ፣ ስንቴ ጉልበቴ ተላጠ። አንድ ቀን ግን ሳልወድቅ ምንጩ ጋ ደረስኩ። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩኛል፣ ነጠላዬ በነፋስ ይበራል። አምስት የወለድኩ ሴት ብቻዬን ጫካ ውስጥ እስቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጠኝ? ጭራሮ ላመጣ፣ ውሃ ልቀዳ እያልኩ ሰበብ ፈጥሬ ጫካ ነኝ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።

ጎረቤታችን የአዴ ብርቄ ምራት ጫልቱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ከዳገቱ ግርጌ ካለው ጤና ጣቢያ አዋላጇ፣ ሲስተር የምንላት፣ በበቅሎ እየወጣች ታያት ነበር። ሕፃኑ ወደ ታች የዞረው በእግሩ ነው፣ ምጥ እንደጀመራት ሳትቆዩ ላኩብኝ፣ ያለ እኔ እንዳታዋልዷት ብላ አስጠንቅቃናለች።

ምጡ የመጣው ወንዱ ሁሉ ገበሬ ማኅበር ስብሰባ የሄደበት ቀን ጠዋት ነው። ፈረሶቹም ከባለቤቶቻቸው ጋር ሄደዋል፤ ታደሰ ብቻ ብስክሌቱን ቤት ትቶ በእግሩ ወርዷል። በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ማንን እንላክ ስንል አዴ ብርቄ እጄን ያዙኝ።

«ያንን ብረት ትጋልቢ የለም ወይ?»

ማን ነገረዎት አልኳቸው።

«ከታደሰ በቀር የማያውቅ ማን አለ? ሂጂ። ደፊ፣ ደፊ!»

ደፊ በኦሮምኛ ፍጠኚ ማለት ነው። የአማርኛው መደፋትም አልቀረልኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ቁልቁለቱን ስጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ምጥ ላይ እያለ እንዴት ደስ ይላል? ግን ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ እንደ ታደሰ ላደርግ እግሬን ጎማው ላይ ባሳርፍ ላስቲክ ጫማዬ ተመንጭቆ ገደል ገባ። ባዶ እግር ጎማ አይዝም። መሪውን እንደ ልጓም ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ቁም አልኩት። እሱ መች ፈረስ ነው፣ ጭራሽ ባሰበት።

አፌን ከፍቼ ኡኡ አልኩ።

ፒስታ መንገድ ከክረምት በኋላ እንዴት እንደሚሆን የሄደበት ያውቀዋል፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነው። ብስክሌቱ እዚያ ላይ ሲንገጫገጭ አገጬ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሴ አፌ ውስጥ ይንከባለላል። ኡኡ ብዬ የጀመርኩት «እልልልል» ሆኖ ይወጣል። አየር ስቤ እንደገና ኡኡ እላለሁ። እንደገና እልልልል።

ጤፍ የሚያርሙ ሴቶች ቀና አሉ። የጫልቱ ቀን መድረሱን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አረማቸውን ጥለው እልል ብለው መለሱልኝ። ከማዶ ያሉት ደግሞ ከእነሱ ተቀበሉ። ደንቡ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው፤ የእኔን ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? መንታ ወንዶች ሳይመስላቸው አልቀረም። እልልታው እኔን ቀድሞ ቁልቁል ወረደ።

ስብሰባው መንገድ ዳር ዋርካ ሥር ነበር። ሊቀ መንበሩ ቆመው ይናገራሉ። ሰው እኔን ሲያይ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ሊቀ መንበሩ ለንግግራቸው መስሏቸው እጃቸውን አነሱ። ሳያጨበጭብ የቀረው ታደሰ ብቻ ነው። ብስክሌቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በኋላ እንኳ ምን እንዳየ አላውቅም፤ አልፌዋለሁ።

ጤና ጣቢያው ጋ ሲደርስ መንገዱ ትንሽ ሽቅብ ይላል። እዚያ ብስክሌቱ ደከመውና ወደ ዳር አዘንብሎ ሰው ጓሮ፣ እንሰት ውስጥ ከተተኝ። እንሰት ክፉ አይንካው፣ አንድ አጥንቴ አልተሰበረም።

ሲስተር ደጃፍ ላይ ቆማለች። ለካ ያን ዕለት ሳንልክባትም ልትወጣ በቅሎዋን ጭና ነበር። እልልታው ከጋራ ጋራ እየተቀባበለ ሲወርድ ሰምታ፣ ተገላገለች ብላ ኮርቻውን አወረደች፤ በቅሎዋንም መስኩ ላይ ለቀቀቻት። እኔ የእንሰት ቅጠል ተከናንቤ ስወጣ እየሳቀች ተቀበለችኝ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው አሉ።»

ድምፄ ተዘግቷል። እጄን አወናጭፋለሁ፤ የተሰበሰበው ሰው ደስታዬ መስሎት ያቅፈኛል። አንዷ ውሃ ሰጠችኝ። ጎንጨት አድርጌ በጭንቅ አወጣሁት።

«አልወለደችም። ገና ናት።»

ሲስተር ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። «ታዲያ እልልታው?»

«ኡኡታ ነው። መንገዱ ነው እልልታ ያደረገው።»

ማንም አልሳቀም። በቅሎዋን ሊይዙ ሮጡ፤ አንዴ የተለቀቀች በቅሎ መች ትያዛለች፣ አራት ሰው ቢከባት በመሃላቸው አለፈች። ጫልቱ ትዝ አለችኝ፤ ገና ልጅ ናት። እኔው ገደልኳት አልኩ። 

ይሄኔ የፈረስ ኮቴ ሰማን። ታደሰ የሊቀ መንበሩን ፈረስ ሳያስፈቅድ ይዞ እየጋለበ መጣ። ሲስተር አንድ ቃል አልጠየቀችውም። እሱ እንደወረደ ቦርሳዋን ይዛ ፊጥ አለችና ሽቅብ ሸመጠጠች።

ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንተን ምን አመጣህ አልኩት።

«የሚስቴን እልልታ አላውቀውም? አንቺ አፍሽን በእጅሽ ሳትጋርጂ እልል ብለሽ አታውቂም።» ጎንበስ ብሎ ብስክሌቱን ከእንሰቱ መሃል አወጣና፣ «ብስክሌቱ ግን ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

ብስክሌቱን ሽቅብ መግፋት ጀመርን። ያገኘነው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ይለናል። ገና ነው እንላለን። አረም ላይ ያሉት ሴቶች ነገሩን ሲሰሙ ግማሾቹ እዚያው ማሳው ውስጥ ተንበርክከው መጸለይ ጀመሩ። 

የጥዱ ጫካ አፋፍ ላይ ስንደርስ ከላይ እልልታ መጣ። ታደሰ ክንዴን ጨበጠ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛ ጠበቅን፤ የለም።

ሴት ናት። ሲስተር ከብዙ ትግል በኋላ በእግሯ አወጣቻት፣ እናቷንም አተረፈችላት።

እኔም ልመልስ እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ። እልል ልል ከጉሮሮዬ የወጣው የሻከረ ኡኡኡ ሆነ። ታደሰ መንገዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ሳቀ። አጠገቡ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በማግስቱ ለብስክሌቱ ፍሬን አስገጠመለት፤ ለማን ብሎ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ሕፃኗን ኢሊሊ አሏት። በኦሮምኛ አበባ ማለት ነው፤ የአደይ ወር ልጅ ናትና። አዴ ብርቄ ግን እኔን ባዩ ቁጥር፣ ለአበባው እንዳይመስልሽ ይሉኝ ነበር።

ዛሬ ኢሊሊ የልጆች እናት ናት። ታደሰ ካረፈ ቆይቷል። እኔም እግሬ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኝ ከልጅ ልጅ ቤት ወደ ልጅ ልጅ ቤት እዞራለሁ። ኢሊሊ ጋ ስሄድ፣ መንገዱ ተስተካክሏል፣ አሁን ኡኡ ብትዪ ኡኡ ነው የሚወጣው እያለች ትስቅብኛለች።

ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ድንጋጤው አይመጣብኝም፤ ነፋሱ ነው የሚመጣብኝ። መንገዱንም አልወቅሰውም። እኔ ኡኡ ስል እሱ እልል ያለው፣ ነገሩን ከእኔ ቀድሞ ቢያውቀው ነው።