ጣሪያዋን ያስነሳችው መበለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለእረፍት ከሄደችበት ከስኮትላንድ ፎቶ ላከችልኝ። ባሕር ዳር ገደል ላይ የቆመ ጣሪያ የሌለው ግንብ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ሣር በቅሏል። «ማሚ፣ ጀስት ሮክስ!» ብላ ጽፋበታለች፤ ድንጋይ ብቻ ማለቷ ነው። እኔ ግን ገና ሳየው አወቅኩት። በእግሬ ረግጬው አላውቅም፤ ሆኖም ወጥ ቤቱ የት፣ የጸሎት ቤቱ የት እንደነበር ዛሬም መናገር እችላለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ከሰብለ ጋር እኖር ነበር። ሰብለ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሳቂታና ፈጣን ናት። እሷ በተማሪ ቪዛ፣ እኔ በዲቪ ነው የመጣነው። ኮሌጅ ውስጥ አንድ የታሪክ ትምህርት አብረን እንወስድ ነበር። መምህራችን ስለ አንድ ፍርስራሽ አጥንተን እንድንጽፍ ሲያዙን፣ ጎንደር ግንብ ሥር ያደግኩት እኔ የስኮትላንዱን መረጥኩ። ሰብለም «እኔም እሱኑ እወስዳለሁ፤ አብረን እናነባለን» አለች።

አብረን አላነበብንም። እሷ ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ትውላለች፤ ትምህርቱም ከብዷት ነበር። እኔ ያን ጥቅምት እርጥብ ካፖርት በሚሸተው የኮልፋክስ አውቶቡስ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመላለስኩ። ያገኘኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ግንቡን መድፍ አፈረሰው ይላሉ። አንድ ከሰዓት፣ ውጭ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ሲጥል፣ የድሮ ሰነዶች በታተሙበት ወፍራም ጥራዝ መጨረሻ ላይ የአንዲት መበለት ደብዳቤ አገኘሁ። ግንቡ የእሷ ነበር። ባሏ ሞቶ ልጆቿ ሲራቡ፣ ጣሪያው የተሸፈነበትን የእርሳስ ብረትና ወራጆቹን ራሷ አስነቅላ በመርከብ ልካ ሸጠችው። መድፉ የመጣው ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያገኘውም ባዶ ቤት ነበር። ሦስቴ አነበብኩት። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ የሚያህል፣ ልጄን እስክወልድ ድረስ አላገኘሁም።

ማታ ምስር እየበላን ሁሉንም ለሰብለ ነገርኳት፤ የገጹን ቁጥር ሳይቀር።

«ውይ፣ ሴትየዋ ስታሳዝን!» አለችና ደብተሬን ታገላብጥ ጀመር።

ወረቀቴን ሰኞ አስገባሁ። ሐሙስ ዕለት መምህሩ ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን። የሁለታችን ወረቀት ጎን ለጎን ተቀምጧል። መበለቷ በሁለቱም ውስጥ አለች፤ ነጥቡ አንድ፣ ቅደም ተከተሉ አንድ። የሰብለ ግን ዓርብ ነው የገባው፣ ከእኔ ቀድሞ።

«ደብዳቤውን ያገኘችው የትኛችሁ ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

ትናገራለች ብዬ ሰብለን አየኋት። ለመናገር እንኳ አልቸኮልኩም፤ ያን ያህል አምናት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማስታወሻዬም ይኸው» ብላ ደብተሬን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከጠረጴዛዬ ላይ መቼ እንዳነሳችው አላየሁም።

ደብተሩ የተጻፈው በአማርኛ ነው። መምህሩ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፤ የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ በምን ይወቁ? «የእኔ ነው» ስል፣ ድምፄ የሌባ ድምፅ መሰለኝ። በትምህርቱ እኔን ጣሉኝ።

ደረጃው ላይ «ለምን?» አልኳት።

«ከወደቅኩ ቪዛዬ ይሰረዛል። አንቺ ግሪን ካርድ አለሽ፤ ምን ትሆኛለሽ?»

«ደብተሬን ስጪኝ።»

ሰጠችኝ።

በሳምንቱ ዕቃዬን ይዤ ጎረቤት ከተማ ሴንቴኒያል፣ አክስቴ ቤት ገባሁ። ኮሌጁን ትቼ አረጋውያንን መንከባከብ ጀመርኩ፤ ሥራውን ወድጄዋለሁ፣ ታሪክን ግን ዳግም አልተማርኩም። ሰብለ ተመረቀች፣ አገባች፣ ወለደች።

አሁን የሁለታችንም ፀጉር ሸብቷል። ሰርግ ላይ ስንገናኝ ተሳስመን ስለ ልጆቻችን እናወራለን። ያንን ነገር አንስታው አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ሰው የመኖሪያ ወረቀቱን ሊያጣ ሲል ምን እንደሚያደርግ በዚህ ከተማ ብዙ አይቻለሁ፤ ፍርሃቷ ይገባኛል። ግን «ይህን ታሪክ ለእኔ ተዪልኝ» ብትለኝ ኖሮ እተውላት ነበር። ሌላ ፍርስራሽ እፈልግ ነበር፤ መቼም ዓለም ላይ ፍርስራሽ አይጠፋም። ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራ፣ ይህን አለማወቋ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።